እሜቴ ጥሩወርቅን የገደልሁበት ጥሩምባ

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ልጁን ሲድር ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣዬን ይዤ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ፊቴ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና፣ «አንተ! እሜቴ ጥሩወርቅን የገደልኻት አንተ አይደለህም?» አሉኝ፤ ያውም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኸው። የባጃጁ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ድንች በጆንያ ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ሁሉ ዘወር አሉ። እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከረባት ያሰርሁ ሰውዬ፣ በተወለድሁበት ከተማ በነፍሰ ገዳይነት ተያዝሁ! ድምፃቸውን ስሰማ ነው ያወቅኋቸው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የነበሩት ጋሽ ደምሌ ናቸው። «እግዜር ይይልዎ ጋሽ ደምሌ፣ ሰው ይሰማል እኮ!» ብላቸው እንደ ልጅ ተንከተከቱ። አንድም ጥርስ አልቀራቸውም፤ ሳቃቸው ግን ያው የጥንቱ ነው።

ካልጋበዝሁህ ብለው ድርቅ አሉ፤ ሻይ ቤት ገባን። ዛሬ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ያን ጊዜ ለአንድ ሠርግ የሚሆን ሻይ ያስቀዳ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበረች፤ ችግሩ ስኳሩ ነው። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሳይመጣለት ሲቀር ከረሜላ በጉንጫችን ወሽቀን በላዩ ላይ ሻይ እንጠጣ ነበር፤ የሚንት ከረሜላ ከሆነማ ደረት ድረስ ይበርዳል። ጋሽ ደምሌም ከኔ ጋር ያንን እያስታወሱ ሲስቁ ቆዩና ስለ ሥራቸው ብጠይቃቸው ፊታቸውን ቋጠሩ። «ምን ሥራ አለ? ዛሬ ሞት በስልክ ሆኗል የሚነገር። ሲያሻቸው ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ይሰቅላሉ፤ ያቺ መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ ስትናገር የዋለች ማጉያ ዞራ እገሌ አረፈ ትላለች። አሁን ይኼ ሰው ያስደነግጣል?» አሉኝ። ከዚያ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉና፣ «ከሁሉ ከሁሉ አንድ ነገር ይከነክነኛል። መሪጌታ እንዲያው አናግረውህ ነው ያለፉ ወይስ እንዳኮረፉ ሄዱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አባቴ ናቸው መሪጌታ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ለሳቸው በአጭሩ መለስሁላቸው፤ ለራሴ ግን የሠርጉን ከበሮ እየሰማሁ ቀኑን ሙሉ ሳውጠነጥነው ዋልሁ።

ዘመኑ የአብዮቱ፣ የኪነት ዘመን ነበር። ቀበሌው ኪነት አለው፣ አውራጃው ኪነት አለው፣ የገበሬ ማኅበሩ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ ሁሉም ኪነት አለው፤ ማን ቀርቶ ማን ያያል እስኪባል ድረስ ከተማው መድረክ ላይ ወጣ። እኛ ካኪ ሸሚዝ፣ ቀይ ስካርፍና ሸራ ጫማ ተሰጠን። ከመድረክ ስንወርድ ካኪውን አውልቀን ቤልቦተማችንን እናጠልቃለን። ከገበያው ማዶ በረንዳ ላይ የሚሰፉት ልብስ ሰፊ የሱሪን እግር ሰፋ አድርገው መቁረጥ ያውቁበት ነበር፤ ጨርቁ ከተረፈ ከጉልበት በታች ያሉትን ሁለት እግሮች ቀሚስ ያደርጓቸዋል። አፍሯችንን በሹካ ማበጠሪያ ነፍተን፣ ማበጠሪያዋን እዚያው ጠጉራችን ውስጥ ሰክተን፣ ከሻይ ቤቱ እስከ ሙዚቃ ቤቱ ሽር ብትን እንላለን። ሙዚቃ ቤቱ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ባለቤቱ ደስ ካለው በር ላይ አውጥቶ ይከፍተዋል፤ ያን ቀን ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ እንኳ ትዝ አይለንም። አሁን ሙዚቃ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። የሚጮኸውም ነገር ምን እንደሆነ እንጃ፤ ሰው ይዘፍናል ማሽን ይጨርስለታል።

ለአውራጃው ኪነት ከጎንደር መሣሪያ ሲላክ አንዲት ትራምፔት በሳጥን መጣች። የሚነፋት ጠፋ። ሁሉም እየተነሣ ሞከረ፤ ጉንጩ ተነፍቶ ዓይኑ ሊወጣ ይደርሳል፣ የሚወጣው ግን የአህያ ጩኸት ነው። ተራው ደርሶኝ ስነፋት ድምፅ ሰጠችኝ። አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ተሰማ ይባላሉ፤ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል አርጅተው የወጡ፣ ቁጡ፣ ደግ ሰው። አገጬን ይዘው ከንፈሬን እንደ ጥርስ ሐኪም መረመሩና፣ «ይህችን ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ተሸከማት» አሉኝ። ከዚያም ትእዛዝ ሰጡ። ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ፣ ሰው ከሌለበት ከፍ ያለ ቦታ ወጥቼ፣ አንዲት ድምፅ ብቻ ትንፋሼ እስኪያልቅ መንፋት። ትንፋሼ ሲያልቅ አረፍ ብዬ እንደገና ያችኑ። «ዘፈን ስትሞክር ባይህ በዚህ ዱላ ነው የማጅራትህን ዜማ የማወጣው!» አሉ። እኔን ገድሎኝ የነበረው የዘፈኑ ጉጉት ነው። እሺ አልሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

እንግዲህ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር፣ ወይራው ሥር ተቀምጠው፣ ከይፋግም ከጣራ ገዳምም በኩል የመጡ፣ ለምድ የለበሱ ተማሪዎች ፊታቸው ቆመው ሲያሸበሽቡ ይውላሉ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እኔም ፊደል ከሳቸው ስለቆጠርሁ እቤት ውስጥ ሳይቀር የኔታ ነበር የምላቸው፤ አባባ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። እሳቸው ራሳቸው ያን ስም ለማንም አይሰጡም። ሌላውን መምህር ሁሉ በስሙ ነው የሚጠሩት፤ የኔታ የሚሉት ያስተማሯቸውን፣ በሞት የተለዩትን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወንበራቸውን እኔ እንድወርስ ይመኙ ነበር። ኪነት ስገባ ከፍቷቸዋል፤ ቢሆንም፣ «ልጅነት ነው፣ ይውጣለት» ብለው አለፉት። ያን ጊዜ ገና እንነጋገር ነበር። ማታ ማታ እግራቸውን ሳጥብ ከቅኔ እስከ በሬ ያጫውቱኝ ነበር። ጨዋታቸው ደግሞ ሲጥም!

ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ተይዟል። የዚያን ቀን ጠዋት ጭጋጉ ከጉና ወርዶ ከተማውን እንዳለ ዋጠው። ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ ሥራዬን ጀመርሁ። እጄን እንኳ በቅጡ አላይም። አንዲት ድምፅ፣ ረጅም። አረፍ። እንደገና ያችው። ወይ ልጅነት! የእድር ጥሩምባስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ጋሽ ደምሌ ጠዋት ተነሥተው አንዲት ረጅም ድምፅ ይነፋሉ፣ አረፍ ይላሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ከኔ በኩል የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ ከተማው ራሱ ሞላበት። እሜቴ ጥሩወርቅ የሚባሉ ጎረቤታችን ከሰኔ ጀምሮ ታመው ተኝተው ነበር። የሚያማቸው ባለመታወቁ ዘመዶቻቸው ሁሉ ተስፋ ቆርጠዋል። ቀበሌው እሜቴ ማለት ቀርቷል፣ ጓድ በሏቸው ቢል፣ «ጓድ ያለኝን በዚህ በትር ነው ጓዳ የማስገባው» ያሉ ሴት ናቸው። ጥሩምባው ከላይ ከጭጋጉ ውስጥ ሲሰማ ማንም ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም። «እሜቴ አረፉ!» ተባለ፤ አለቀ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወረዱ። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን አምጥተው በራቸው ላይ ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደሩ። ንፍሮ ተጣደ። አባቴ ሁለት ቄሶችና ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። እሜቴ በየሳምንቱ ለተማሪዎቹ እንጀራ የሚልኩ ሴት ስለነበሩ አባቴ ልባቸው ተነክቷል። ገብተው አስከሬኑን እስኪያዩ እንኳ አልጠበቁም። በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎተ ፍትሐቱን ጀመሩ። ያ ድምፃቸው! የሰማ ሰው ሁሉ ለቅሶውን አቁሞ አዳመጠ ይባላል።

እሜቴ ጥሩወርቅ ውስጥ ተኝተው ካስማ ሲመታ ሰምተዋል። የልጅ ልጃቸውን፣ «የምን ድንኳን ነው? በፍልሰታ ማን ነው ልጁን የሚድር?» አሏት። ልጅቱ ብታለቅስ ጊዜ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ በሩ መጡ። ሰዉ ሁሉ አፉን ያዘ። ያላዩት አባቴ ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ የሟቿን ነፍስ ያሳርፋሉ። እሜቴ ዜማው እስኪያርፍ ጠበቁና፣ «መሪጌታ፣ ለማን ነው?» አሏቸው። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

እኔ በዚህ መሐል ከኮረብታው ወርጄ የለቅሶ ድምፅ ስሰማ ሳጥኔን በብብቴ ይዤ፣ «ማን ነው የሞተው? ማን ነው?» እያልሁ እየሮጥሁ ደረስሁ። ካለቀሱት ሁሉ ዋነኛው አልቃሽ እኔ ነበርሁ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሕዝቡ ጋሽ ደምሌን መሐል አስገብቶ፣ ሳትጠየቅ ለምን ነፋህ ብሎ ወጥሮ ይዟቸዋል። እሳቸው ጥሩምባቸውን ከፍ አድርገው፣ «የኔ ይህችውና! ዛሬ ከንፈሬ አልነካትም፣ ድንግል ምስክሬ!» ይላሉ። ከዚያ ዓይናቸው የኔ ሳጥን ላይ አረፈ። የሰዉም ዓይን ተከትሎ አረፈ። በመጨረሻ የአባቴ ዓይን መጣ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እሜቴ እንኳ ሳቁ። «በሉ መጥታችኋል አይደል፣ ንፍሮው አይጣልም፣ ብሉና ሂዱ» ብለው ራሳቸው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያች ቀን በኋላ ሕመሙም ለቀቃቸው፤ ብዙ ዓመት ኖሩ። መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር፣ «ገዳዬ፣ እንዴት ዋልህ?» ነበር ሰላምታቸው። የኔስ መቀለጃነት ደግ፣ ልጅ ነኝ። አባቴ ግን የተማሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ለሕያው ሰው ፍትሐት ያደረሱ መሪጌታ ተባለ። ወሬው ገሳይ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ሲታመም፣ «መሪጌታ እንዳይሰሙ!» ተብሎ ይቀለዳል። ልጆች ከኋላቸው እየተከተሉ የጥሩምባ ድምፅ በአፋቸው ያሰማሉ። አንድ ሁለት ተማሪዎቻቸውም ወደ ሌላ መምህር ሄዱ።

አባቴ አልመቱኝም፣ አልረገሙኝም። ያን ዕለት ማታ እራት ቀርቦ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳለ ወደ እናቴ ዞሩና፣ «ለልጅሽ ንገሪው፣ ይብላ» አሉ። ከአንድ ክንድ አይበልጥም በመካከላችን ያለው! እናቴም ወደኔ ዞራ፣ «ብላ ይሉሃል» አለችኝ። በዚሁ ቀረ። «ለልጅሽ ንገሪው፣ በሬው ገብቷል ወይ።» «ገብቷል በያቸው።» እናቴ ቃል አቀባይ ሆነች። አባቴ «ያን ቆርቆሮውን ይዞ ከፊቴ ይጥፋ በይው» ሲሉ እናቴ «ለሳጥኗ ጥሩ ቦታ ፈልግላት ይሉሃል» ትላለች፤ ሁለታችንም እየሰማን። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። ልብሱ፣ ጭብጨባው፣ መድረኩ ሁሉ ሲቀመስ ለዛ አጣ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ወደኔ ዞረው አንድ ቃል እንዲናገሩኝ። ስድብም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣት ሊመርጡ ሰዎች ሲመጡ ሃምሳ አለቃ እየጎተቱ አቀረቡኝ፤ አለፍሁ። የምሄድበት ጠዋት ተንበርክኬ የአባቴን ጉልበት ሳምሁ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ አፋቸው ግን አልተከፈተም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ወረታ እስኪደርስ ብርድ ነው፤ ጋቢዬን ስጭው» አሉ። አውቶቡሱ ኮረኮንቹን ሲወርድ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልዬ አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጋዴ ተሳፋሪ መንገዱ ያመመኝ መስሏቸው ሎሚ ሰጡኝ።

ሌላው ታሪኬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱን ጨርሼ እንደ ዘመኑ ልማድ ወደ ሶፊያ ተላክሁ። እዚያም መምህሬ የመጀመሪያው ቀን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አንዲት ድምፅ፣ ረጅም! ስመለስ ኦርኬስትራ ውስጥ ነፋሁ። ሱፍ ለብሼ፣ ቢራቢሮ ከረባት አስሬ በቴሌቪዥን ታየሁ፤ ደብረ ታቦር በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ አየኝ፤ አባቴ ሳይመጡ ቀሩ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጠርሁ። እውነቱን ለመናገር መድረኩ ክብር ሰጠኝ፣ ማስተማሩ ግን ዕድሜ ሰጠኝ። ከቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ እናቴ መጻፍ ስለማትችል የምትናገረውን የሚጽፉት አባቴ ናቸው። ያ የማውቀው ቁም ጽሕፈታቸው፣ «እናትህ እንዲህ ትላለች» ብሎ ይጀምርና «እናትህ ደኅና ሁን ትላለች» ብሎ ያበቃል። የራሳቸው የሆነች አንዲት ቃል ብፈልግ አላገኘሁም።

ማስተማር ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሲሆነኝ አባቴን የዓይን ሞራ ያዛቸውና ለሕክምና እኔ ዘንድ መጡ። እናቴ ላሟ ልትወልድ ስለሆነች አልመጣችም። አስተርጓሚ የለንምና ምን ይውጠን ይሆን ብዬ ስጨነቅ አባቴ መላ አላጡም። ባለቤቴን አልማዝን ገና በገቡ በሰዓቱ፣ «ልጄ፣ ለባልሽ ንገሪው፣ መንገዱ መልካም ነበር» አሏት። አልማዝ ግራ ገብቷት እኔን አየች። እኔም፣ «እንኳን ደኅና ገቡ በያቸው» አልሁ። ማታ ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

የሐኪም ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር። አልማዝ ሥራ ገብታለች፤ እሳቸውን ቤት ብቻቸውን መተው አልችልም። ስለዚህ ይዣቸው ወደ ክፍል ሄድሁ። ፎቁን እንዴት እንዳወጣኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ክንዳቸውን ስይዝ ያስለቅቁኛል፣ መቋሚያቸውን ተማምነው አንድ አንድ እያሉ ወጡ። ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋቸው። የዚያን ቀን ተማሪዎቼ አዲሶች ነበሩ፤ የማስነፋቸውም መቼስ ያችኑ ነው። ያችን ድምፅ አባቴ ባሉበት ማሰማት! ሌላ ነገር ልስጣቸው ብዬም አስቤ ነበር። ግን ተማሪ ምን በደለ?

ሰናይት የምትባል ልጅ ተራዋ ደርሶ ነፋች፤ ድምፁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ሌሎቹ ሳቁ። ዝም አሰኘኋቸውና እንደገና አልኋት። እንደገና ተቆረጠ። «መምህር፣ ይቅርብኝ በቃ፣ ለኔ አልተፈጠረም» አለችኝ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ትንፋሹን ከየት እንደምታነሣው፣ ሲያልቅ እንዴት እንደማትደናገጥ አሳየኋትና አብሬያት ነፋሁ፤ ስትወድቅ እኔም አቁሜ፣ ስትነሣ አብሬ ተነሥቼ። ምን ያህል ጊዜ እንደ ደጋገምነው አላውቅም። በመጨረሻ ድምፁ ቀጥ ብሎ ወጣላትና እስከ ትንፋሿ ጫፍ ሄደ። ያን ጊዜ ከኋላ የመቋሚያ ኮሽታ ሰማሁ።

«ልጄ» አሉ አባቴ፣ ሰናይትን። «እስቲ መምህርሽን ጠይቂልኝ። ይኼ ረጅሙ ድምፅ ምንድን ነው?»

ልጅቱ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። «መምህር፣ አባባ ምንድን ነው ይላሉ» አለችኝ።

መሣሪያዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። «የመጀመሪያው ትምህርት ነው በያቸው። ይህን ያልተማረ ዜማ አይሰጠውም። አገር ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምር፤ እኔም በልጅነቴ ጠዋት ጠዋት ስማር የነበረው ይኸው ነው በያቸው።»

ነገረቻቸው። አባቴ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ቀሩ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እጅ እየነሱኝ ወጡ፤ ሰናይትም ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። እኔ መሣሪያዎቹን እየሰበሰብሁ አሁን በማን በኩል ነው የምንነጋገረው እያልሁ አስባለሁ። አባቴም ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። ሰው የሚፈልጉ ይመስል ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

«የኔታ» አሉ።

ሌላ መምህር የገባ መስሎኝ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም አልነበረም።

«አንተን ነው እኮ» አሉ አባቴ። «ደረጃው አይታየኝም፤ እጄን ያዘኝ።»